ሌባ ሲጠበቅ የተመታው ዘበኛ፦ ስለ ፍሬ ዐጸድና ስለ ዱር አዕዋፍ የተሰጠ ዲስኩር



እምብዛም የማይታይ ወዳጅ ድንገት ከደጃችን ሲደርስ «ምነው፣ እንደ መስቀል ወፍ ባመት አንዴ ብቻ?» ብለን በፍቅር መውቀስ የቆየ ልማዳችን ነው። ይህም አነጋገር የተመሠረተው፣ ክረምቱ አልቆ አደይ አበባ ሜዳውን በሚያለብስበት በመስከረም ወር፣ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ለብሰው ብቅ የሚሉ፣ አበባው ሲረግፍም ወዳልታወቀ አገር የሚሰወሩ ወፎች አሉ ከሚል እምነት ላይ ነው። የአዕዋፍን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት የሚነግሩን ግን ሌላ ነው፤ ከነዚህ ወፎች ብዙዎቹ ዓመቱን በሙሉ ከአጥራችን ሥርና ከማሳችን ዳር የማይጠፉ ናቸው፤ ወንዶቹ የመራቢያ ጊዜያቸው ሲደርስ ያጌጠውን ላባ ይለብሳሉ፣ ጊዜው ሲያልፍም አውልቀው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ እኛ ድንቢጥ መስለውን እናልፋቸዋለን። በፍቅር የወቀስነው ወፍ ከቤቱ አልወጣም ነበር፤ የጐደለው የኛ ዐይን ነው።

ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት እንድናገር በተፈቀደልኝ ጥቂት ሰዓት የማቀርበው ነገር በዚሁ የዐይን ጉድለት ላይ የቆመ ነው። የብርቱካን፣ የማንጎ፣ የዘይቱን፣ የኮክ ወይም የፖም ዛፍ ተክሎ ያሳደገ ሰው፣ ወፍ የበሰለውን ፍሬ ስትቦጭቅ አይቶ ሳይናደድ የቀረ ያለ አይመስለኝም፤ ቍጣውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተቦጨቀ ፍሬ ለገበያ አይሆንም፣ ተርብና ዝንብም ይከተለዋል። ይሁን እንጂ ወፍ ደመወዟን የምትወስደው በአደባባይ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ባለቤቱ እያየ ሲሆን፣ ያን ደመወዝ ያገኘችበትን ሥራ የሠራችው ግን ከወራት አስቀድሞ፣ ፍሬው ገና አበባ ሳለ፣ ከቅጠል ጀርባና ከቅርፊት ስንጥቅ ውስጥ፣ ማንም ሳያያት ነው። እኛም ያየነውን በመዝገብ ጽፈን፣ ያላየነውን ሳንጽፍ፣ በአንድ ገጽ ብቻ እንፈርድባታለን። እንግዲህ የዲስኩሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የመዝገቡ ሁለተኛ ገጽ ሳይነበብ ፍርድ አይሰጥ።

የሥነ ፍጥረትን ነገር ከአባቶች እግር ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ፍሬ የሚሰጡ ዕፅዋት የተፈጠሩት በዕለተ ሠሉስ፣ አዕዋፍ በዕለተ ሐሙስ፣ ሰው ግን በዕለተ ዓርብ ነው። በዚህ ትምህርት መሠረት ዛፍና ወፍ ጎረቤት ሆነው መኖር የጀመሩት እኛ ከመምጣታችን አስቀድሞ ነው፤ እኛ በኋላ መጥተን ዛፉን አጠርነውና ወፊቱን ባዕድ አደረግናት። የዛሬው የሥነ ሕይወት ጥናትም በሌላ መንገድ ተጕዞ ወደዚሁ ቁም ነገር ያደርሰናል። ዛፍ ሥሩ ስላሰረው ቅጠሉን ከሚበላው ትል ሸሽቶ ማምለጥ አይችልምና፣ ትሉን የሚለቅምለት ባለ ክንፍ ረዳት ያስፈልገዋል፤ ወፍም በበኩሏ፣ ራሷ ጥሬ ለቅማ የምታድር ብትሆን እንኳ፣ የጫጩቶቿን ሥጋና ላባ የምታበቅለው በአብዛኛው ከትልና ከሌሎች ነፍሳት ነው። የነቢዩ ዮናስን ቅል በአንድ ማለዳ ያደረቀችው አንዲት ትል መሆኗን፣ ነቢዩ ኢዩኤልም የአገር ጥፋትን ሲገልጽ ተምችን፣ አንበጣን፣ ደጎብያንና ኩብኩባን በተራ መጥራቱን የምናስታውስ ሰዎች፣ የትል ነገር ቀላል እንዳልሆነ ለማወቅ ሌላ መምህር አያሻንም።

እኔ ይህን ነገር መጀመሪያ የተማርሁት ከመጽሐፍ አልነበረም። ልጅ ሳለሁ በአያቴ ጓሮ ጥቂት የኮክ ዛፎች ነበሩ፤ በማሽላ ማማ ላይ ሆኜ የወንጭፍ አወራወር ከታላላቆቼ ስለ ተማርሁም፣ ኮኩ መቅላት ሲጀምር ወፍ ጠባቂው እኔ ነበርሁ። ታዲያ አንድ ቀን፣ ኮኩ ገና እንጭጭ ሳለ፣ እጄ አልታገሥ ብሎ ከዛፉ ላይ ያረፈችውን አንዲት ትንሽ ወፍ መትቼ ጣልሁና፣ ግዳይ እንደ ጣለ ጀግና እያቅራራሁ ለአያቴ ይዤላቸው ሄድሁ። እሳቸውም ወፊቱን ተቀብለው፣ በአፏ እንደ ጨበጠች የቀረችውን አረንጓዴ ትል በጣታቸው ስበው አወጡና፣ «ልጄ፣ ሌባ ስትጠብቅ ዘበኛውን መታኸው» አሉኝ። እኔም በልጅ ክርክር፣ «አባባ፣ ሲበስል መጥታ ትበላው የለም ወይ?» ብላቸው፣ «ትበላለች እንጂ፤ ዘበኛስ እራት አያሻውም?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከብዙ ዘመን በኋላ የሊቃውንትን ጥናት ማንበብ በጀመርሁ ጊዜ ያገኘሁት፣ ይህን የአያቴን ቃል በመለኪያና በቍጥር ተተርጕሞ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከ1740 እስከ 1786 በፕሩስያ የነገሠው ዳግማዊ ፍሬድሪክ፣ ቼሪ የሚባለውን ቀይ ፍሬ አብዝቶ ይወድ ነበርና፣ ድንቢጦች ስለ ቀመሱበት ተቈጥቶ፣ ድንቢጥ ገድሎ ላመጣ ሁሉ ዋጋ እንዲከፈል አዘዘ፤ ጥቂት ዓመት ሳያልፍ ግን ወፎቹ ባለቁበት ዐጸድ ትል ነግሦ ቅጠሉን ሁሉ ስላራቈተው ንጉሡ ዐዋጁን ሻረ እየተባለ ይተረካል። ይህ ነገር ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ተረት የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ በቅርቡ ዘመን በቻይና የሆነው ግን ተረት አይደለም። በ1958 የቻይና መንግሥት አይጥን፣ ዝንብን፣ ትንኝንና ድንቢጥን አራቱ ተባዮች ብሎ ሰይሞ ሕዝቡን በሙሉ አዘመተባቸው። የድንቢጥ ክስ እህል መብላቷ ነበር። ሕዝቡም በየሰገነቱና በየሜዳው ወጥቶ ድስትና ከበሮ እየደበደበ፣ ወፎቹ የሚያርፉበት አጥተው በድካም ከሰማይ እስኪወድቁ ድረስ አሳደዳቸው።

የሚያሳዝነው ግን የመዝገቡ ሁለተኛ ገጽ አስቀድሞ የተጻፈ መሆኑ ነው። ጄንግ ዙኦሺን የተባሉ የአዕዋፍ ሊቅ ከዚህ ዘመቻ በፊት፣ በሄቤይ ክፍለ አገር ቻንግሊ ከሚባለው የፍሬ አገርና ከቤይጂንግ ዙሪያ እርሻዎች የተያዙ ከ800 በላይ ድንቢጦችን ሆድ ከፍተው መርምረው ነበር። ያገኙትም ነገር እንደ ወራቱ የተለያየ ነበር፤ በብርዱ ወራት ከአረም የረገፈ ዘር፣ ጫጩት በሚያድግበት ወራት ትልና ነፍሳት፣ እህል በሚደርስበት ወራት ደግሞ እህል። ስለዚህ ያችው አንዲት ወፍ በአንዱ ወር የገበሬው ባለዕዳ፣ በሌላው ወር የገበሬው አበዳሪ ሆና ተገኘች። በስሜት የተነዳ ዘመቻ ይህን የመሰለ ረቂቅ ሒሳብ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። በመጨረሻ ግን ነፍሳት በየእርሻው እየበዙ ሲሄዱ የሊቃውንቱ ቃል ተሰማ፤ በ1960 ድንቢጥ ከተባዮቹ ተራ ወጥታ በምትኳ ትኋን ገባች። በዚያ ዘመን በቻይና ለደረሰው ታላቅ ረኃብ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ዋናውም የመንግሥት አሠራር ነበር፤ የድንቢጦቹ እልቂትም በዚያ ሸክም ላይ የተጨመረ ሸክም መሆኑን ብዙዎች ይመሰክራሉ።

ሌሎች በቍጣ የፈረዱበትን ነገር በትዕግሥት ከመዘኑት መካከል ሆላንዶች ይገኛሉ። በአገራቸው ኮልሜስ የሚሏት፣ ራሷ ጥቁር፣ ጕንጯ ነጭ፣ ደረቷ ቢጫ የሆነ፣ ክብደቷም ከ20 ግራም እምብዛም የማያልፍ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ በዛፍ ፍንቍል ውስጥ ጎጆዋን ሠርታ ብዙ ጫጩቶች ስለምታሳድግ፣ አባትና እናት በቀን በመቶ የሚቈጠር ጊዜ እየተመላለሱ ትል ያጐርሷቸዋል። ክሪስቴል ሞልስና ማርሴል ቪሰር የተባሉት ተመራማሪዎች በፖም ዐጸድ ውስጥ ለዚህች ወፍ የእንጨት ጎጆ ሰቀሉላት፤ ወፍ የደረሰባቸውንና በመረብ ተሸፍነው ወፍ ያልደረሰባቸውን ዛፎችም አነጻጸሩ። በ2002 ባወጡት ጥናት እንደ ገለጹት፣ በትል የተጎዳው ፍሬ ከመቶ 13.8 የነበረው ወፏ በሠራችበት ስፍራ ወደ 11.2 ዝቅ አለ፤ ከአንድ ዛፍ የተገኘው ፖም ደግሞ ከ4.7 ኪሎ ወደ 7.8 ኪሎ ከፍ አለ። እነዚሁ ሰዎች ከአምስት ዓመት በኋላ ለገበያ በሚያመርቱ ዐጸዶች ውስጥ ባደረጉት ሌላ ምርመራ፣ የትሉ ጉዳት እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ እንደሚችል አሳዩ።

በነዚህ ቍጥሮች ላይ ጥቂት እንድንቈይ እለምናለሁ። የተጎዳው ፍሬ የቀነሰው ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ብቻ ሲሆን፣ ምርቱ ግን ይህን ያህል መጨመሩ እንግዳ ነገር ይመስላል። እኔ እንደሚገባኝ፣ ትል ቅጠሉንና አበባውን ገና ከጅምሩ ሲበላ፣ ሊሆን ይችል የነበረው ፍሬ ፍሬ ሳይሆን ይቀራል፤ በመከር ጊዜ ተነሥቶ «ይህ የተጎዳ ነው» ተብሎ የሚቈጠረው ከጥፋቱ የተረፈው ብቻ ነው። ባለ ዐጸዱ በወፍ የተቦጨቀውን አንዱን ፖም አንሥቶ ሊያሳየን ይችላል፤ በትል ምክንያት ሳይወለዱ የቀሩትን ሦስት ኪሎ ፖሞች ግን ማን ያሳየናል? ያልተወለደ ምስክር አይሆንም፤ ስለዚህም የወፏ ወንጀል ባለማስረጃ፣ የወፏ ቸርነት ግን ማስረጃ የሌለው ሆኖ ይኖራል።

ቡናችንም ቢሆን የዛፍ ፍሬ ነውና ከዚህ ነገር ውጪ አይደለም። ቡና ከኢትዮጵያ ወጥቶ ዓለምን በዞረ ጊዜ፣ ፍሬውን ቦርቡራ በውስጡ የምትራባው ትንሽ ጥንዚዛም ከአፍሪካ ተከትላው ወጥታለች። በጃማይካ ሰማያዊ ተራራዎች ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች የቡናውን ዛፍ ወፍ እንዳይደርስበት በመረብ በሸፈኑ ጊዜ የዚህች ጥንዚዛ ጉዳት ጨመረ፤ በ2010 የወጣ አንድ ጥናትም ወፎቹ የሚሰጡትን አገልግሎት በአንድ ሄክታር 310 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ገምቶታል። ከነዚያ ለቃሚዎች ብዙዎቹ ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ ብርድ ሸሽተው የመጡ መንገደኞች ናቸው፤ በአንዱ አገር የተቈረጠ ደን በሌላው አገር ያለውን ባለ ቡና ያከስራል ማለት ነው። በኛ አገር በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተደርጎ በ2015 የወጣ ጥናት ደግሞ፣ በጥላ ዛፎች ሥር በሚለማው ቡናችን ውስጥ የሚገኙት የወፍ ዓይነቶች በአጠገቡ ካለው ደን ከሚገኙት እንደሚበልጡ ገልጿል። ነገር ግን ያው ጥናት አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምሯል፤ ከደኑ ወለል አጠገብ ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩት፣ ከጫካው ጨለማ መውጣት የማይወዱት ወፎች፣ የሚበዙት አሁንም በደኑ ውስጥ ነው። የጥላ ቡና ለደን መልካም ጎረቤት ቢሆንም በደን ምትክ ሊቆም አይችልም።

እስካሁን የተናገርሁት ትል ለቃሚዎቹን ነው፤ ዐቃብያነ ዐጸድ ግን እነሱ ብቻ አይደሉም። በአሜሪካ ሚሺጋን የሚባለው ክፍለ ግዛት የቼሪ አገር ነው፤ በዚያ ያሉ ገበሬዎችም እንደ ፍሬድሪክ በፍሬ በላተኛ ወፎች ይቸገራሉ። ነገር ግን ወፍን በወፍ መመለስ መረጡና፣ አነስተኛ ጭልፊት እንድትራባ የእንጨት ጎጆ በረጅም ምሰሶ ላይ ሰቀሉ፤ ጭልፊቷ ስታንዣብብ ፍሬ በላተኞቹ ይሸሻሉ። በ2018 የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ ለጎጆው በወጣው በያንዳንዱ ዶላር ከ84 እስከ 357 ዶላር የሚያወጣ ቼሪ ሊድን ይችላል። በእስራኤል አገር በቤት ሼአን ሸለቆ ውስጥ ሥዴ ኤሊያሁ የሚባል፣ ተምር የሚያለማ የገበሬዎች መንደር ደግሞ፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለጉጉት ጎጆ እየሠራ የአይጥን ዘር እንድታጠፋለት አድርጓል፤ ይህም ሥራ የዮርዳኖስን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ዮርዳኖስ አገር ገበሬዎች ደርሷል። በዚያም አገር እንደኛው ጉጉት የክፉ ምልክት ተደርጋ ትታይ ነበርና፣ መጀመሪያ የተሸነፈው አይጡ ሳይሆን ፍርሃቱ ነው። እኛ ሌሊት ከጣራችን ላይ ስትጮኽ መርዶ ታመጣለች ብለን በድንጋይ የምናባርራት ወፍ፣ በዚያች ሌሊት ከጎተራችን ሥር ልትለቅመው የመጣችው ምን እንደ ነበረ ጠይቀን እናውቃለን?

ሦስተኛውን የወፍ ሥራ ራሱ ቋንቋችን መዝግቦታል። ሰው ሳይተክለው የበቀለውን ዛፍ «ወፍ ዘራሽ» እንላለን፤ ባለቤት የሌለውን ነገር ለማቃለል የምንጠቀምበት ይህ ቃል፣ ሲመረምሩት የምስጋና ቃል ነው። ወይራውንና ጥዱን ማን ዘራው? ወፍ ፍሬውን ውጣ፣ ሥጋውን ተመግባ፣ ዘሩን ከሌላ ዛፍ ሥር ትጥለዋለች። በሰሜኑ ደጋ ዙሪያው ሁሉ ተራቍቶ ሳለ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የተረፈው አረንጓዴ ደን፣ ካህናቱ በግዝት፣ አዕዋፍ በዘር የጠበቁት ደን ነው። ከዚህ ደን አጠገብ ፍሬ የተከለ ሰው ትል ለቃሚዎቹን ከሩቅ መጥራት አያስፈልገውም፤ ቤታቸው ከጎኑ ነው።

አሁን የተቃዋሚን ቃል በሚገባ መስማት ይገባኛል። ግሪሳ የማሽላውን ማሳ እንደ ደመና ወርዶበት ባዶውን ሲያስቀረው ያየ ገበሬ፣ ስለ ወፍ ቸርነት ሲሰበክለት ቢስቅ አልፈርድበትም። ወፍ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ አንዱም ወፍ በየወራቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ነፍሳት እንደ ጐርፍ በፈሉበት ዓመት ወፍ ብቻዋን አትገታቸውም፤ ጠቃሚዋን ሸረሪትም ከጎጂው ትል ጋራ ትለቅማለች። ወፍ መድኃኒት ናት ብዬ አልመጣሁም፤ ሒሳቧ ይታይ ብዬ ነው የመጣሁት። ነገር ግን ትሉን ለመግደል የምንረጨውን መርዝ ወደ ሚዛኑ ስናመጣ ነገሩ ይከብዳል። ራሔል ካርሰን የተባሉት አሜሪካዊት ሊቅ በ1962 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ለዛፍ ተባይ የተረጨው ዲዲቲ ከቅጠሉ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩ ወደ ምድር ትሉ፣ ከምድር ትሉም ወደ ወፏ ተላልፎ ወፏን ገደላት። ከዚህም በላይ ተባዩ በአንድ ዓመት ብዙ ትውልድ ሊያፈራ ሲችል ወፍ የምትወልደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነውና፣ ሁለቱን በአንድ መርዝ በመታን ጊዜ ቀድሞ የሚያንሰራራው ተባዩ ነው፤ ያን ጊዜም ዘበኛ የሌለበት ዐጸድ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ በደጋው ፖም፣ በቈላው ማንጎ ለሚያለሙ ወገኖቼ ጥቂት ምክር ልስጥ። የአጥራችሁን ዛፍ ሁሉ በባሕር ዛፍ አትለውጡት፤ ሾላው፣ ዋንዛውና ወይራው በየወራቱ የራሳቸውን ፍሬ ስለሚሰጡ፣ ወፏ የናንተን ፍሬ ብቻ እንዳትመለከት ያደርጓታል። ያረጀውንና ፍንቍል የበዛበትን ግንድ ለማገዶ አትቸኵሉበት፤ ግንደ ቆርቁር የፈለፈለው ቀዳዳ የሌሎች ወፎች መኖሪያ ነው። ዛፉ ባበበበትና ወፎች ጎጆ በያዙበት ወራት መርዝ አትርጩ። ፍሬው ከደረሰ በኋላ ግን በመረብ መሸፈን፣ በጊዜው መልቀምና ልጆችን ለጥበቃ ማቆም መብታችሁ ነው፤ ዘበኛ እራት ይገባዋል ማለት ጎተራው ክፍት ይተውለት ማለት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በሚመጣው የአበባ ወራት፣ ወፍ ሲንጫጫ ተነሥታችሁ፣ ወንጭፉን ከቤት ትታችሁ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ወደ ዛፉ የምትገባውን ወፍ ሁሉ ቍጠሩ፤ ስትወጣ በአፏ ምን እንደ ያዘች ተመልከቱና ጻፉ። ፍሬው ሲደርስ ደግሞ የተቦጨቀውን ቍጠሩና በጎኑ ጻፉ። ሁለቱ ገጾች ጎን ለጎን ከቀረቡ በኋላ የምትሰጡት ፍርድ ምንም ይሁን ምን፣ እኔ አልከራከርም፤ ፍትሕ ማለት ይኸው ነውና። አያቴ ከወፊቱ አፍ የሳቡትን ያን ትል እኔ ያየሁት ወፊቱ ከሞተች በኋላ ነው፤ እናንተ በሕይወት ሳለች እዩት።